ሞያ መፊ

እስቲ አሁን እኔን ማን ስልክ ፈታሽ አደረገኝ? ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነው፣ ቀለም ነክሬ። ስልክ ሲጮህ አረንጓዴዋን መጫን እንኳ የተማርኩት ስንት ሰው ላይ ከዘጋሁ በኋላ ነው። እንዲህ ያለችው አሮጊት በልጅ ልጇ የቢሮ ሥራ ውስጥ ዘው ብላ ገባች። ማን ጠራሽ ብትሉኝ፣ ማንም።

ልጅቷ እናቷ ከሞተች ጀምሮ የኔ ናት። እኔ ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ፣ ፉልና ሻይ ነው የምሸጠው። እሷ አዲስ አበባ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣልኝ አንዱ ሆቴል ሥራ ትገባለች ብዬ ነበር። ዩኤክስ ሪሰርቸር ነው የምሆነው አለችኝ። ስሙን አፌ እስኪይዘው ሳምንት ፈጀብኝ። ምንድነው ብላት፣ ሰው ስልክ ላይ ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት፣ የት ላይ እንደተቸገረ ለሠሪዎቹ መንገር ነው አለች።

"ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ ለማየት ትምህርት ምን ያደርጋል? የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይሄንኑ ሲሠራ አይደል የሚውለው" አልኳት። እስክታለቅስ ሳቀች። ያኔ ትስቅልኝ ነበር።

ሁለት ዓመት በረንዳዬ ጥግ ተቀምጣ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እየተማረች፣ ሲጠፋ እየተነጫነጨች፣ ለዚህም ለዚያም በነፃ እየሠራች ከረመች። በመጨረሻ አንድ ቢሮ ለሦስት ወር ወሰዳት። ሥራው የውሃ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ዳር ቆመሽ ቦቴው ሲያልፍ መጮህ ነው። ቢሮው በስልክ ማዘዣ ሊያወጣ ነበር። ይሄ የመጀመሪያ ሥራሽ ካማረ ቋሚ ትሆኛለሽ ብለዋታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም ተዋት።

አንድ ቀን እኔን አስቀምጣ አሳየችኝ። ማንበብ ለማይችል ነው የተሠራው፣ ሁሉም ሥዕል። በርሜል አለ፣ ቤት አለ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሥዕል ይመጣል፤ አንዱ ቦቴ፣ አንዱ የተዘረጋ መዳፍ። ቦቴውን ከነኩት ውሃው ይላካል። መዳፉ ግን ቁም ማለት ነው፣ ትእዛዙ ይሰረዛል። እኔ መዳፉን ሳይ ስጡኝ የሚል መስሎኝ ነበር። አልነገርኳትም። ያልተማረች ስለሆንኩ ነው ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ የሰፈር ሴቶች ስድስት እፈልጋለሁ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑ ደስ ይለኛል አለች። እኔ አለሁልሽ አልኩ። እንደኔ ያለውን ከጉዴሌ ለመሰብሰብ ደግሞ! ስትለምነኝ ግን እንዲህ ብላ ነው፤ "እምዬ፣ ሥዕሉን እንዳትነግሪያቸው። ስንሠራም አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።"

አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሳልኩ።

ሴቶቹን ግቢው በር ላይ አንድ በአንድ ያዝኳቸው። የልጄ እንጀራ በእናንተ እጅ ነው፣ መጨረሻ ላይ ጣታችሁ ወደማይሆነው ሲሄድ እህ እህ ብዬ እስላለሁ፣ ያኔ ወደ ሌላው አዙሩ፤ ሲያልቅ ቀላል ነው በሉ አልኳቸው። እኔ ከልጅቷ ኋላ ምስር እየለቀምኩ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የገባችው የጎን ጎረቤቴ ናት። ጋምቤላ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት፣ አማርኛዋ ከኔ አማርኛ የሚጣፍጥ። በርሜሉን ነካች፣ ቤቱን ነካች፣ ከዚያ ጣቷ መዳፉ ላይ ሄዶ ቆመ። ግንባሯን አላበው። ልጅቷ ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ታያታለች። ሳልኩ። ጣቷ ወደ ቦቴው ዞረ።

ከስድስቱ አምስቱ ላይ ነው የሳልኩት። ልጅቷ በየመሀሉ ውሃ ታመጣልኛለች፣ አሞኝ መስሏት።

ከበደሽ ወይ ስትላቸው ሁሉም "ቀላል ነው፣ በጣም ቆንጆ ነው" አሉ። አንዲቷማ እጇን ይዛ መረቀቻት። ልጅቷ ሲሄዱ አንድም አልተሳሳተም እኮ፣ ይገርማል አለች። ትንሽ ግንባሯን ቋጠረች፣ ከዚያ ግን ደስታው አሸነፋት። እንዲያውም አቀፈችኝ።

ቢሮው የሷን ወረቀት አምኖ ሥዕሉን እንዳለ አወጣው። ወሩ የበጋ ሙቀት ነበር። ከጉዴሌ እስከ ኮር ዊሊያም ሰፈር ሰው ሁሉ መዳፉን እየነካ በርሜሉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ቦቴ የለም። ቁርስ ቤቴ ድረስ እየመጡ "ሞያ መፊ" ይሉኛል። እዚህ ውሃን ሞያ ነው የሚሉት፣ መፊ ደግሞ የለም። ድሮ ይሄን ቃል በሰማሁ ቁጥር እቀልድ ነበር፤ ልጅቷን እየጠራሁ "ነይ፣ ሞያ የለሽም እያሉሽ ነው" እላታለሁ። ያን ሰሞን ቀልዱ አፌ ላይ ደረቀ።

ቢሮው ማን ነበር የፈተሸው አለ። ልጅቷ በረንዳዋ ላይ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ የቀዳችውን ድምፅ ከጠዋት ጀምራ ስትሰማ ዋለች። እኔ ፉሉን አማስላለሁ፣ በጎን አያታለሁ። ድንገት እጇ ቆመ። መለሰችው፣ ደግማ ሰማች። ሌላውን ከፈተች። ከዚያ ተነሥታ መጣችና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካችው። ዝምታ ነው፣ ዝምታ፣ ዝምታ። ከዚያ የኔ ሳል።

"እንዳያባርሩሽ ብዬ ነው" አልኳት።

"እምዬ፣ ሥራዬ እኮ ሲሳሳቱ ማየት ነበር።"

"ቢሳሳቱ ምን ይሉሽ ነበር?"

"እኔን ምንም። ሥዕሉን ነበር የሚቀይሩት።"

ብትጮህብኝ እኔም እጮህባት ነበር፣ እንላቀቅ ነበር። አልጮኸችም። ቢሮ ሄዳ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሥራውን አበላሽቻለሁ አለች፤ የአያቴ ሳል ነው አላለችም። ሦስት ወሩ ሲሞላ ካላስ፣ በቃ አሉ፣ አመሰገኗት፣ ቋሚውን ለሌላ ሰው ሰጡ። ሌላ ቢሮ ስትጠይቅም መጀመሪያ የሠራሽውን አሳዪን ነው የሚሏት። የምታሳየው ያ ነው።

አሁን ከተማ አንዱ ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩላት ሥራ፣ ተሳካልኝ ማለት ነው። ማታ ስትመጣ ሥራ እንዴት ነው እላታለሁ። "ቀላል ነው፣ በጣም ቆንጆ ነው" ትለኛለች። ፊቷን አያለሁ፣ ምንም አይነግረኝም። ደህና ነሽ ወይ ስትለኝ ደግሞ መልሴን አትሰማም፤ አፌን ትታ ዓይኔን ነው የምታየው። እኔ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ያን የተማረችውን ሥራ የምትሠራው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መጀመሪያ የሳልኩላት ጎረቤቴ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ልብስ እያጠበች ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እንዲያው ለልጅቷ ስል፣ ለልጅቷ ስል አልኩ፣ ሦስት አራት ጊዜ። የአያት ነገር ነው፣ ምን ታደርጊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

ልብሱን ጨመቀችና ገመዱ ላይ ጣለችው።

"ለልጅቷ ብለሽማ አይደለም" አለች። "እኛ መሳሳታችን አሳፍሮሽ ነው።"