ከአጥሩ ውጭ የሚበላው ሰው

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ቡታጅራ፣ በእኛ ደብር፣ ነዳያንን እናበላለን። ወጥ የምንሠራው ጥቂት ሴቶች ነን፤ ጎመኑን ከየጓሯችን፣ ሽሮውን ከየቤታችን እናመጣለን። መናኸሪያ አካባቢ በረንዳ ላይ የሚያድረው፣ ችግር ከገጠር የገፋው፣ ሁሉም ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። አንድ ሽማግሌ ግን አይገባም ነበር።

የግራ ቅንድቡን ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። ከአጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ይቀመጣል። "አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ ፀሐዩ በረታ" ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ ይላል እንጂ አይነሳም። ስሙን በአማርኛም በጉራጊኛም ጠየቅሁት፤ መልስ የለም። አንድ ቀን ብቻ ባዶውን ሳህን ስቀበለው "ልጆቹ በሉ?" አለኝ። የትኞቹን ልጆች እንደሆነ አላወቅሁም። "በልተዋል አባባ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።

ክረምቱ ሲከፋ ቀረ። አንድ ጠዋት የሱቅ በረንዳ ላይ ሞቶ አገኙት። ወገን የሚለው ሰው ጠፋ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ "ስናበላው ኖረን ሲሞት ለማን እንተወዋለን?" ብለው አስከሬኑን አስመጡ። ግን ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም የሚያውቅ አልነበረም። አርብ አርብ መስጊድ ደጅም ይበላ እንደነበር ያን ቀን ሰማን። የሚገንዙት ሰዎች ልብሱን ሲያወልቁ አንገቱ ላይ በእድፍ የጠቆረ ክር አገኙ።

"ማተብ አለው!" አለ አንዱ።

ሁላችንም ተንፈስ አልን። ፍትሐት ተደረሰለት፤ ከግቢው መካነ መቃብር ተቀበረ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አንዲት ሴት ወጥ ቤት ድረስ መጣችብኝ። ሂጃብ ለብሳለች፤ ጫማዋ አቧራ ጠግቧል። "አሰላሙ አለይኩም" አለችና ያለችበት ቦታ ትዝ ብሏት "ጤና ይስጥልኝ እትዬ" አለች። ከበርበሬው አገር፣ ከቆሼ በኩል ነው የመጣችው፤ መናኸሪያ ያሉ ሰዎች አንድ ሽማግሌ እዚህ መቀበሩን ነግረዋታል። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። በርበሬ ማሳ መሃል ነጭ ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ሰው ቆሟል። ፊቱን አላወቅሁትም። ቅንድቡን አወቅሁት።

"አባቴ ነው" አለች። "እናቴ ከሞተች በኋላ ልቡ ጠፋ። ቤቱን ቆልፎ ይወጣል፤ መመለሻው ይጠፋዋል። ቁልፉን እንዳይጥል በክር አንገቱ ላይ አስሬለት ነበር። እንሴኖ ገበያ ያየው ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ያየው የለም። ክር ነበረው?"

"ክርስ ነበረው" አልኳት። "ቁልፍ ግን አልነበረበትም።"

የቀረውን እሳቸው ይንገሯት ብዬ ወደ አባ ወሰድኳት። ሰምተው ወንበር ሳቡላት። ከዚያ ምንም ሳይሸሽጉ ነገሯት፤ ክሩ ማተብ መስሎን እንደቀበርነው፣ ፍትሐትም እንደተደረሰለት። "ልጄ፣ ባለማወቅ ነው። ይውጣልን ካላችሁ ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር እንነጋገራለን" አሏት።

"ታጥቦ ነበር?" አለች።

"ታጥቧል።"

"ተከፍኗል?"

"በነጭ አቡጀዲ።"

በሂጃቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "እንግዲያው አትንኩት። ብዙ ተንከራቷል፤ ደግሞ አይጓዝ።"

መቃብሩ አጠገብ ቆማ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። አባ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ራቅ ብለው ቆሙ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ፤ በየትኛው ጸሎት አሜን እንደምል ግራ ገብቶኝ። ስትጨርስ የአባን እጅ ጨብጣ፣ እኔን ትከሻዬን ስማኝ ሄደች።

እሷ ይቅር ብላ ሄደች። እኔን ግን ሰውዬው አልለቀቀኝም። ካህናቱ ሲያዜሙ፣ ዕጣኑ ሲጤስ፣ በማያውቀው ጸሎት ሲሸኝ ይታየኛል። ሰምቶ ይሆን? "እኔ እኮ አይደለሁም" ብሎ ይሆን? ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከኋላዬ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ እዞራለሁ፤ ማንም የለም።

አሁን ሳህን ከመስጠቴ በፊት ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ ስምዎ ማነው፣ አገርዎ የት ነው፣ ወገን አለዎት? አንዳንዱ ይነግረኛል። አንዳንዱ ይቆጣል። ባለፈው ሰንበት አንዲት አሮጊት ትክ ብለው አዩኝና "ስሜ ምን ያደርግልሻል? አስቀድመሽ ልትቀብሪኝ ነው?" አሉኝ።

ሳህኑን ሰጠኋቸው። ወጡን ጨመርኩላቸው።