ከሙላት ጋር የተካፈልነው ኪኒን

ባለፈው ሞጣ ገበያ ሁለት በርበሬ ነጋዴዎች የጨጓራ ኪኒን ሲካፈሉ አየሁ። ቆሜ ሳቅሁ። በዚህ ንግድ እኔ ቀድሜ ከስሬበታለሁ።

ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ከሙላት ጋር ከቢቸና ሞጣ ጤፍ እናመላልስ ነበር። ሽርክናችን የጠበቀ ነበር፤ ትርፉም ኪሳራውም እኩል፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ሽሮ እንኳ ከአንድ ትሪ። ጨጓራችንም አብሮ መቃጠል ጀመረ። ሙላት በተልባ ሲያስታግስ እኔ ቢቸና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣቷ ዶክተር ሰገራዬን አስመርምራ ባክቴሪያ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ፣ ለአሥራ አራት ቀን። ቢሻለኝም እንዳላቋርጥ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

እኔ ግን ሸሪክ አለኝ። ሰባት ቀን ለእኔ፣ ሰባት ቀን ለሙላት። በሳምንቱ ሁለታችንም ተሻለን፤ ከዶክተሯ የበለጥን መሰለን።

ክረምት ሲገባ ተመለሰብን። ጭቃ የያዘውን መኪና ስንገፋ ሙላት ሆዱን ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሦስት ቀኑ እንደሆነ ያኔ ነገረኝ። ደግፌ ቢቸና ሐኪም ቤት አደረስኩት። በር ላይ ክንዴን ያዘኝ።

«ኪኒን ተካፈልን እንዳትል፤ መሳቂያ እንሆናለን።»

ዶክተሯ ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ጠየቀችው። «ኧረ ምንም» አለ። ገበያ ላይ ስንቱን ዋሽቻለሁ፤ የሙላት ፊት አመድ መስሎ ሳየው ግን ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ወስዷል፤ የእኔን ግማሽ ሰጥቼው ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ባትነግረኝ ያንኑ ነበር የማዝለት» አለች። ባክቴሪያው በግማሽ መድኃኒት አይሞትም፣ ይለማመደዋል እንጂ፤ ስለዚህ ለሁለታችንም ሌላ ዓይነት አዘዘች። ሙላትን ግን ጨጓራው እየደማ ስለነበር ደሙ እስኪቆም አስተኛችው።

ሙላት አሥራ አራት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ፤ ኪኒኑን ግን አንድም ቀን አላጓደለም። ካለቀ ከወር በኋላ ስንመረመር ሁለታችንም ነጻ ሆንን።

ለበርበሬ ነጋዴዎቹ ይህንኑ አጫወትኳቸው። አንደኛው የተቀበለውን መለሰና የሞጣ ሐኪም ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሚዛኔ ተዛብቶ አያውቅም ብዬ አልምልም። ለዚያች ዶክተር ግን እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ እኮራበታለሁ። ሙላት ዛሬም በተገናኘን ቁጥር «ሸሪክህን አሳልፈህ ሰጠህ» ይለኛል። ይበለኝ፤ ለመውቀስም እኮ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።