ቶርኖው ጂንካ ላይ እስኪረጋ

ከአርባ ምንጭ የተነሣነው ሐሙስ ማለዳ ነው። የጭነት መኪናው ላይ ቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን፣ በሰንሰለት ታስሯል። የእኔ ሥራ ጂንካ ላለው የብረታ ብረት ኅብረት ሥራ ማኅበር አድርሶ መትከል ነበር። ሾፌራችን ጌታሁን ከኮንሶ ዳገት ጀምሮ ይዘፍን ነበር፤ የወይጦ ሙቀት ነው ያስቆመው።

ቀይ አፈር

ምሳ የበላነው ቀይ አፈር ከተማ፣ ወይዘሮ ዘነበች ምግብ ቤት ነው። ሽሮው ይጣፍጣል፤ የእጅ መታጠቢያው ውሃ ግን በጣሳ ተለክቶ ቀረበልን። የከተማው ፓምፕ ዘንጉ ተሰብሮ ሴቶቹ ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ።

«ልጄ፣ ያ የጫንከው ብረት ፓምፓችንን ያድንልናል?» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

«አዲሱ ዘንግ የሚቀረጸው በእሱ ነው። በደንብ ከተተከለ ያድናል።»

ለመንገድ ብለው ሙዝ ጫኑልን።

ጂንካ

በካፊያ ገባን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ማርቆስ ለቶርኖው ያስለሰኑትን የሲሚንቶ ወለል በኩራት አሳዩኝ። በማግስቱ ማሽኑን በግንድ ላይ እያንከባለልን አስገባን። ከእግሮቹ ሥር የብረት ሽብልቅ እየከተትኩ ሳስተካክል ዋልኩ፤ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አረፋው ወደ ጥግ ሸሽቶ፣ ወለሉም ተሰንጥቆ አገኘሁት። ከሥሩ ዝናብ የጠገበ ጥቁር ጭቃ ነው። እንዲህ ተዛንፎ ቢሠራ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ዘንጉን ያበላሸዋል።

«ወለሉ መፍረስ አለበት» አልኳቸው።

አቶ ማርቆስ ጎንበስ ብለው ስንጥቁን አዩ። «ጓድ፣ ሲሚንቶውን አባላቱ ናቸው ተሸክመው ያመጡት። ምን እላቸዋለሁ?»

«እኔ ልንገራቸው።»

«የለም፤ እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉና ዶማ አንሥተው የመጀመሪያውን ምት ራሳቸው መቱ።

ማሽኑን ወደ ጎን አውጥተን ጠንካራ መሬት እስክናገኝ ቆፈርን። ነገሩን የሰሙ ገበያተኞች ሳይቀሩ ከነሪ ወንዝ ድንጋይ አጋዙልን። ጉድጓዱን በድንጋይና በጠጠር እየደራረብን ስንሞላ አንዲት ጎደሬ ነጋዴ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ ዜማ አወጣች፤ ሰዉ እየተቀበላት በእግሩ ይደቀድቅ ጀመር። ጌታሁንም ገባበት፤ ግጥሙን ባያውቅም ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር። ምሳችን የሴትየዋ ጎደሬ ሆነ፤ ቀቅላ አበላችን።

ከላይ ያፈሰስነው ኮንክሪት እስኪጠነክር ከሳምንት በላይ ጠበቅን። ከዚያ ማሽኑን መልሰን ካቆምነው በኋላ በብሎን አሰርኩት። በየማለዳው ውሃ ልክ ሳስቀምጥበት አረፋው ንቅንቅ አላለም። ዘንጉ ተቀርጾ ሲያልቅ አቶ ማርቆስ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ልስልስ ብሏል» አሉ።

መልስ

ቀይ አፈር ላይ ዘንጉን ገጠምነው። ፓምፑ መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ጥሩ ውሃ። ወይዘሮ ዘነበች የመጀመሪያውን ባልዲ እየሳቁ እኔና ጌታሁን ላይ ደፉብን። ወይጦ ሳንደርስ ሸሚዛችን ደረቀ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየች። «ማሽን ልትተክል ነው የሄድከው ወይስ ልታርስ?» አለችኝ።

«ማረሱ ይቀድማል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ማሽን ልተክል ስወጣ፣ ከመፍቻው ሳጥን በፊት የማስጭነው አካፋና ዶማ ነው።