ለአምስት የተካፈለ ክኒን
በደርግ ጊዜ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሸሕዲ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ክሊኒካችን አንዲት የሰሊጥ አራሚ ሆዷ ገፍቶ መጣች። ስድስተኛ ልጇን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ከሞት ለጥቂት ነበር የተረፈችው። ሰባተኛው እንዳይገድላት ብዬ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሰጠኋት እኔ ነበርኩ።

«እትዬ፣ በየቀኑ አልዋጡትም?»

«ኧረ ሲስተርዬ፣ ለአምስት ተካፈልነው እንጂ! አንድ ዳስ እያደርን ብቻዬን ልዋጠው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ክኒኑን በሰጠኋት ቀን ወረፋው ላይ ወንዶች ስለነበሩ አፍሬ፣ በጆሮዋ «በየቀኑ አንድ» ብቻ ነበር ያልኳት።

«ታዲያ አሁን እተርፋለሁ?» አለችኝ። ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚልካትን ወረቀት ጻፍኩላት።

በማግስቱ ጠዋት እርሻው ድረስ ሄድኩ። ወንዶቹ እየሰሙ ክኒኑን ከፍ አድርጌ «ይህ የአንዲት ሴት ብቻ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። እሷ ወረቀቱን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ታርም ነበር።