ማርያም በጥቁር ቀለም

እኔ ግራፍ መሥራት የተማርኩት በሦስት ወር ሥልጠና ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ታቦር ቤታችን ተጎልቼ ሳለ ለእርሻ መሥሪያ ቤት መዝጋቢ ይፈለጋል ተባለ። ሄድኩ፤ እርሳስና ማስመሪያ ይዘን ሦስት ወር ስናሰምር ከረምን። ከዚያ "ጓድ፣ ምድብሽ ጋይንት አውራጃ ነው" ብለው ባለ አንድ ሜትር ማስመሪያ፣ አንድ ጥቅል የሚሊ ሜትር ወረቀትና የምደባ ደብዳቤ አስይዘው ንፋስ መውጫ ሰደዱኝ። ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። በመጀመሪያው ቀን መስኮቱን ከፍቼ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና ረፋዱን ሙሉ ከግቢው አጥር ላይ ወረቀት ስለቅም ዋልኩ።

ሥራዬ ዝናብ መቁጠር ነበር። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ እንዲህ እያልኩ ስለምመልስ የሚያሾፍብኝ ብዙ ነው። ሁለት የዝናብ መለኪያ ነበረን። አንዱ እዚያው ቢሮአችን ግቢ ተተክሏል። ሁለተኛው ያለው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ በአንድ መሪጌታ ደጃፍ ነው። የአካባቢው የገበሬ ማኅበር የሚጠራው በደብሩ ስም ነበርና እኛም በመዝገባችን "ማርያም" እያልን ነው የምንጽፈው።

መሪጌታ እዚያው ጋይንት ካለው ከቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ያስመሰከሩ፣ በዚያ ላይ የብራና መጽሐፍ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። መለኪያው ለእሳቸው የተሰጠው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ታጥቶ ሳይሆን አንድም ቀን የማያጓድል ሰው ስለተፈለገ ነው። እውነትም አንድ ቀን አላጓደሉም። ችግሩ ቀኑን በቁጥር አይጽፉትም። መዝገባቸው "በሚካኤል፣ ዐሥራ አራት። በኪዳነ ምሕረት፣ ምንም። በገብርኤል፣ ሰባት" ይላል። እኔ ከሚካኤልና ከገብርኤል ሌላ የማውቀው ጥቂት ስለነበር የወሩን በዓላት ሁሉ በተራ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩ። ኀላፊያችን ገብቶ ምንድን ነው ሲለኝ "የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ" አልኩት። አልዋሸሁም።

ያን ዓመት ታች ክረምቱ ደኅና ገብቶ ነበር። ሰኔ ጥሩ፣ ሐምሌ ከጥሩም በላይ። ከዚያ ፍልሰታ ሳይፈታ ዝናቡ ቀጥ አለ፤ ስንዴው ቁመቱን ጨርሶ ፍሬ ሊይዝ ሲል ደረቀ። ንፋስ መውጫ ግን እስከ መስቀል ድረስ ሲዘንብባት ከረመች። የዓመቱ ድምር ሲታይ ሁለቱ ቦታዎች እምብዛም አይራራቁም፤ የበላይ አካል የሚጠይቀን ደግሞ ድምሩን ነው። በድምሩ መሠረት ማርያም ምንም አልሆነችም። የማርያም ሰዎች ግን ለዘር ያስቀመጧትን ስንዴ እስከ የካቲት በልተው ጨርሰዋል።

ግንቦት ላይ ከጎንደር እንግዳ መጥቶ ያለችውን የዘር ስንዴ ወደ አንድ ወገን ይመድባል ተባለ። በንፋስ መውጫ ዙሪያ ያሉት ላይኞቹም ጠይቀዋል፣ ታችኞቹም ጠይቀዋል። ይህን ስሰማ ድምሩ የደበቀውን ወር በወር ዘርግቶ የሚያሳይ አንድ ትልቅ ግራፍ ግድግዳ ላይ ብሰቅል ማንም አይቶ ይረዳዋል ብዬ አሰብኩ። ስድስት ወረቀት በሙጫ አያይዤ ጀመርኩ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ጽሑፉን እንዲጽፉልኝ መሪጌታን አስጠራኋቸው። ሁለት የቀለም ቀንድ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ፣ ከመቃ ብዕራቸው ጋር ይዘው ዳገቱን ወጥተው መጡ።

ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተን በአራት ድንጋይ አስያዝነው። መሪጌታ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና አግድምና ሽቅብ ያሰመርኳቸውን ሁለት መስመሮች ተመለከቱ።

"ይኸ ደግሞ ምንድር ነው?"

"ዘንግ ይባላል፣ የኔታ። ይኸኛው አግድም ዘንግ፣ ያ ደግሞ ቋሚ ዘንግ።"

"ሁለት ዘንግ። እረኛዎቹ የት አሉ?"

እንዲህ ተጀመረ። ከበላይ የተላከው ናሙና ከጃንዋሪ የሚነሣ ነበር፤ እኔ በራሴ ሥልጣን ከመስከረም አስነሥቼዋለሁ። በዚህ ምስጋና ጠብቄ ነበር። መሪጌታ ግን ወራቱን በጣታቸው እየቆጠሩ ነሐሴ ላይ ደርሰው ቆሙ።

"ጳጉሜን ምን አደረግሻት?"

"ነሐሴ ውስጥ ጨመርኋት። አምስት ቀን አይደለች?"

"በማን ሥልጣን?"

ቤት ካልሠራሽላት አልጽፍም አሉ። ግን እንደሌሎቹ ወራት ሰፊ ቦታ ብሰጣት የአምስት ቀን ዝናብ ከወር ዝናብ ጎን ቆሞ ድርቅ ሊመስል ነው። ግማሽ ቀን ተከራክረን የሌሎቹ አንድ ስድስተኛ የምትሆን ጠባብ ቤት ሠራሁላት። ስሟ አግድም ስላልገባ ከላይ ወደ ታች በቁመቷ ጻፉላት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራባት እሷ ናት።

ቀጥሎ ቋሚው ዘንግ መጣ። ከታች ዜሮ፣ ከዚያ መቶ፣ ሁለት መቶ እያሉ ይጻፉልኝ አልኳቸው። መሪጌታ የሚጽፉት በግእዝ ቁጥር ብቻ ነው፤ በግእዝ ቁጥር ደግሞ ዜሮ የለም።

"ታዲያ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር በበዓል ማውጫ ሒሳባችሁ ምን ትላላችሁ?" አልኳቸው፤ በልቤ ያዝኳቸው ብዬ።

"አልቦ" አሉና ቁጭ አድርገው ጻፉት። አልቦ፣ ፻፣ ፪፻፣ ፫፻። ከሰዓት በኋላ ኀላፊያችን መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። በመጨረሻ "አልቦ የምትባለዋ ቀበሌ በየት በኩል ናት?" አለ።

ኀላፊያችን ከእኔ አምስት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን የማይፈራ ደግሞ ብዙ አልነበረም። ለግራፉ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠ፦ ንፋስ መውጫ የአውራጃው ዋና ከተማ ስለሆነች መስመሯ በአብዮቱ ቀለም፣ በቀይ ይሁን። እኔ ምን ገዶኝ። ንፋስ መውጫን በቀይ፣ ማርያምን በጥቁር አድርጌ ሁለቱንም መስመሮች በመሪጌታ ቀለም በራሴ እጅ ሳብኳቸው። እስከ ሐምሌ ሁለቱም ይወጣሉ፣ ጥቁሩ በለጥ ብሎ፤ ነሐሴ ላይ ጥቁሩ ብቻውን ወደ አልቦ ይወርዳል። ለሕፃን ልጅ እንኳ የሚገባ ነገር ነበር።

የቀረው የቱ መስመር የማን እንደሆነ የሚናገረው መፍቻ ብቻ ነበር። በወረቀቱ ጥግ ትንሽ ሳጥን አሰመርኩ።

"መፍቻ ካስፈለገውማ ቅኔ ነው በዪኛ" አሉ መሪጌታ።

"እዚህ ውስጥ ሁለቱን ስም ይጻፉልኝ፤ ንፋስ መውጫና ማርያም" ብዬ ዳቦና ሻይ ላመጣላቸው ወጣሁ። ስመለስ ጽፈው ጨርሰው ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ ይሉበታል። ፊደሉ ሲያምር! ልክ እንደ ዳዊት መጽሐፍ። ውበቱን ሳደንቅ ሳላነበው ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የየገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበሮች ፊት ለፊት፣ መሪጌታ ከማርያም ሰዎች ጋር ከኋላ ተቀመጡ። እንግዳው ከጎንደር ሌሊት ተነሥተው የመጡ፣ ከሰዓት የሚመለሱ፣ የቸኮሉ ሰው ነበሩ። ወደ ግራፉ ቀረብ ብለው መፍቻውን ጮክ ብለው አነበቡ።

"ንፋስ መውጫ ጥቁር። ማርያም ቀይ። እንግዲህ ጥቁሩ ነው ነሐሴ ላይ የወደቀው። ማርያም እስከ መስከረም ዘንቦላታል። ግልጽ ነው፤ ዘሩ ለላይኛው ወገን ይሆናል ማለት ነው።"

ዞሬ መፍቻውን አየሁ። እውነትም "ንፋስ መውጫ" በጥቁር፣ "ማርያም" በደማቅ ቀይ ተጽፈዋል። ያኔ ገባኝ። በብራና ሥርዓት የእመቤታችን ስም በጥቁር አይጻፍም፤ ሁሉም ጽሑፍ ጥቁር ሲሆን የእሷና የቅዱሳን ስም በቀይ ይወጣል። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ሲጽፉት እንደኖሩት ጽፈዋል። ስሙ በመስመሩ ቀለም መጻፍ አለበት ብዬ የነገርኳቸው ነገር የለም።

የላይኞቹ ሊቀመንበሮች አንገታቸውን ደፉ። ኀላፊያችን እውነቱን ያውቃል፤ ግን እንግዳውን ማረም አልደፈረም፤ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ያኔ በስብሰባ መሐል ተነሥቶ ሰነዱ ስሕተት ነው የሚል ሰው አሻጥረኛ ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ቢሆንም ዘር ለሌላቸው ሰዎች ዘር ሊከለከል መሆኑን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሣሁ።

"ጓድ፣ መፍቻው ተገልብጧል። ቀዩ ንፋስ መውጫ ነው፤ የወደቀችው ማርያም ናት።"

"ማን ገለበጠው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እሷ አይደለችም" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። መሪጌታ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። "የጻፍሁት እኔ ነኝ። የእመቤታችንን ስም በጥቁር አልጽፍም ብዬ ነው።"

እንግዳው መሪጌታን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷቸው። "አባቴ፣ የየት ሰው ነዎት?"

"የማርያም።"

አዳራሹ ሳቀ። እንግዳው አልሳቁም። "ዘሩ ለሌላ ሊሆን ሲል መፍቻው ተገልብጧል አላችሁ። ለእናንተ ሲሆን ሊቃና ነው። ይኸን እንዴት ልመን?"

መዝገቡን ላምጣ ልል አፌን ከፈትኩና ቀኖቹ በሚካኤልና በኪዳነ ምሕረት መጻፋቸው ትዝ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት። መሪጌታ በሰው መሐል እየተጋፉ ወደ ፊት መጡ፤ ከወገባቸው ትንሽ ካራ አወጡ። ኀላፊያችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ብራና ጸሐፊ ስሕተቱን የሚያርመው በመፋቅ ነው፤ እሳቸውም በካራው ጫፍ የቀዩን ቀለም ቅርፊት ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያሉ ፋቁት። ንፋስ መውጫንም ፋቁ። ከዚያ ቀንዶቹንና ብዕሮቹን አውጥተው ንፋስ መውጫን በቀይ ጻፉ። ሁለተኛውን ብዕር ጥቁሩ ውስጥ ነከሩና ቆሙ።

አየኋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ከዚያ "ማርያም" ብለው በጥቁር ጻፉ። "ም"ዋ ተንጋደደች።

እንግዳው በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት የቀመሱ ሰው ነበሩ መሰለኝ። ያቺን የተንጋደደች ፊደል ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። "ይበቃል" አሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። "ሰው ለውሸት እንዲህ አያደርግም። ዘሩ ወደ ታች ይውረድ።"

ሰኔ ሊጋመስ ሲል የማርያም ሰዎች አህዮቻቸውን እየነዱ ዘር ሊወስዱ ንፋስ መውጫ መጡ። መጋዘኑ የሚከፈተው እኔ ስፈርም ነው። መሪጌታ ከሌሎቹ ቀድመው ቢሮዬ ገቡ። ከስተዋል፤ ቢሆንም ፊታቸው ብሩህ ነው።

"ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ" አሉኝ። "አርባ ስግደት አዘዙኝ። ሃያዋን ሰገድሁ።"

"የቀረው ሃያስ?"

"ሃያዋ ያንቺ ናት። በጥቁር የጻፍሁ እኔ፤ ቀለሙ ምን እንደሚናገር ሳትነግሪኝ ሻይ ፍለጋ የወጣሽ አንቺ።"

ለመከራከር አሰብኩና ተውኩት፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። መሪጌታ ወጡ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሲጸልይ ከታየ በግምገማ ቀን ይነሣበታል፤ ቤት ሄጄ እንዳልሰግድ ደግሞ ሰዎቹ ውጭ አህያ ይዘው ቆመዋል። ስግደቱን በልቼ ዘሩን መፈረም ነፍሴ እንቢ አለኝ። በሩን ዘጋሁ። ምሥራቅ የትኛው እንደሆነ አሰብኩ። ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ማጭድና መዶሻ ያለበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ሌላ ምሥራቅ ከየት ይመጣል? ጫማዬን አወለቅኩና ጀመርኩ።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ግንባሬ መሬት ነክቶ ሳለ በሩ ተከፈተ። ኀላፊያችን ነበር። እኔን አየ፤ ሥዕሉን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። እዚያው እንደተደፋሁ ቀረሁ። እሱም በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋው። ከዚያ በስተውጭ፣ አህያ ይዘው ለቆሙት የማርያም ሰዎች፣ "ሥራ ላይ ናት፤ የእናንተኑ ጉዳይ እየጨረሰች ስለሆነ ትንሽ ታገሡ" ሲላቸው ሰማሁት።