ለሰባኛ ዓመቷ ያደበዘዝኩት መብራት

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች ሲቆጡ መስማት ነው። የጥሪ ማዕከል ውስጥ ነው የምሠራው። ኔትዎርክ የጠፋበት፣ ካርዱ የተበላበት፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የወጣ ሁሉ ይደውልና እኔ ላይ ይወጣለታል። ልቤ ውልቅ ብሎ እቤት ስገባ ከበሩ ላይ "እማዬ፣ መጣሁ" እላለሁ፤ መልስ የለም። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስቷን ታማስላለች። ዞሬ ፊቷ ስቆም ነው "ውይ፣ መጣሽ እንዴ የኔ እናት?" የምትለው።

ይሄ እኛ ቤት የታወቀ ቀልድ ነው። እማዬ የፈለገችውን ብቻ ነው የምትሰማው እንላለን። ከኋላዋ ሆነን ሽንኩርት አልቋል ስንላት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች፤ ጎረቤታችን ከመንገዱ ማዶ ቆማ በሹክሹክታ ስታማት ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም። ፀጉር ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ "የእማዬ ጆሮ በቀጠሮ ነው የሚገኘው" ትላለች። እማዬም አብራን ትስቃለች።

ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲል የእራቱን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰበቡ ልደት ይሁን እንጂ የእኔ ጉዳይ ሌላ ነበር። ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድማችን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አባታችን ሊሞት ሲል ጋሼ ጭነት ይዞ ሩቅ ከተማ ነበር። ቶሎ ድረስ ብለን ደጋግመን ብንደውልለት "ጭነቱን ላራግፍ" እያለ ቆየ፤ ሲደርስ አባባን አፈር አልብሰነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን እማዬም ትንፍሽ አላለች፣ እሱም ትንፍሽ አላለ። ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ሳያወጣ ሻዩን ፉት ብሎ ይሄዳል። እሷ ደግሞ በማግስቱ ፊቷ እንደጨፈገገ ይውላል። መሀል ሆኜ ሁለቱን ማየት ሰለቸኝ። ሰው ሰባ ዓመት ሞልቶት ከልጁ አንዲት ቃል እየጠበቀ ሊኖር ነው? ያቺን ቃል ማስወጣት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

እህቴ አዳራሽ እንከራይ፣ ሙዚቃም ይኑር አለች።

"አዳራሽ ውስጥ ማን የሆዱን ያወራል?" ብዬ ጮኽኩባት። እቤት ይሆናል፣ አራታችን ብቻ። ቴሌቪዥን አይከፈትም። ከኬኩ በፊት እያንዳንዳችን ለእማዬ ሆዳችን ውስጥ ያለውን አንድ ነገር እንነግራታለን። ለጋሼ ደውዬ ይህንኑ ስነግረው "ፊት ለፊት እያየችኝ አልችልም" አለኝ።

"መብራቱን አደበዝዘዋለሁ" አልኩት።

በዚህ ሐሳቤ ኮራሁ። ከሥራዬ የማውቀው ነገር አለ፤ ሰው ፊቱ ካልታየ የልቡን ይናገራል።

የእራቱ ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ምድጃ ነው የሄድኩት። ሾርባው፣ የዶሮ ጥብሱ፣ ሩዙ እስኪደርስ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። እማዬ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ተቀመጠች። በልተን ስናጋምስ ትልቁን አምፖል አጠፋሁና ከእኛ ጀርባ፣ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የራስጌ መብራት ብቻ ተውኩ። እማዬ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

እህቴ ጀመረች። ከትምህርት ቤት በተባረረች ጊዜ አንድ ክፉ ቃል ስላልተናገረቻት አመሰገነቻት። እማዬ "አሜን፣ አሜን" አለች። እኔም የድርሻዬን አልኩ። "አሜን" አለች። ከዚያ ተራው የጋሼ ሆነ።

"እማዬ" አለ። "አባባ ሲሞት መድረስ እችል ነበር። ጭነቱ ሰበብ ነው። ሲሞት ላየው ፈርቼ መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ተኝቼ ዋልኩ። አንቺን ብቻሽን ተውኩሽ። ይቅር በይኝ።"

እማዬ ፈገግ እንዳለች ነበር።

"አሜን የኔ ልጅ፣ እንዳፍህ ያድርገው" አለች። "ሩዝ ልጨምርልህ?"

ጋሼ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። "ይገባኛል" አለና ወደ በሩ ሄደ። እህቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ደሜ ፈላ። ስንት ቀን የደከምኩበት! "ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?" ብዬ እማዬ ላይ ጮኽኩባት፤ በዕድሜዬ እንዲያ ጮኼባት አላውቅም።

እማዬ ተራ በተራ ታየን ጀመር። ፈገግታዋ ጠፋ።

"ምን አለ? ለምን ተነሳ?" አለች። "መብራቱን አብሩት በሞቴ። አፋችሁ አይታየኝም።"

ክው አልኩ። እናቴ ጉልበቷን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ሲነሱ እዚያ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ነበር። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። እቤታችንም እንደዚያ እያየችን እንደምትኖር ግን አንዳችንም ልብ አላልንም። ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ የምሰማው እኔ፣ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ አላወቅሁም። አፈርኩ።

መብራቱን አብርቼ ፊቷ ቆምኩ። "መስማቱ መቼ ነው የጠፋብሽ?"

"እኔ እንጃ፣ ቀስ እያለ ነው የሄደው። እናንተ ስትስቁበት ጊዜ ደስ አለኝና ተውኩት" አለች። ወዲያው እኔን ትታ ወደ በሩ ዞረች። ጋሼ እጀታውን እንደያዘ ቆሟል፤ ጉንጩ ርሷል።

"ና" አለችው። "ያልከውን ድገምልኝ።"

"በብርሃን አልችልም አልኳቸው እኮ።"

ያን ግን ከአፉ ላይ አየችው። "ስትመጣ ሁሉ አፍህን ሳይ ነው የምቆየው። ዛሬ በጨለማ ልታልፈኝ ነው?"

መጣ፤ ወንበሩን አንስቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ አምፖሉ ቀና አደረገችው። አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን ጨርሶ አልወጣም፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እኔና እህቴ ምንም አልሰማንም። እማዬ እስከ መጨረሻው አየችውና "ይቅር ብያለሁ" አለች፤ የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ።