ሚስማር የሮጠ ቀን

ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። የጎረቤቴ የጫማ ሰፊው ጸሎት ተሰምቶለታል፤ እኔ አለሁለት። የእሱ ሱቅና የእኔ ልብስ ስፌት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሶል ሲመታ ሚስማሮቹን በከንፈሩ ደርድሮ ስለሚይዝ መንደሩ «ሚስማር» ይለዋል። አካሉ ግን ሚስማር አይደለም፤ ሆዱ ከእሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ደግ ሰው ነው፤ ይህንንም የምናገረው ጥርሴን ነክሼ ነው። የተማሪ ጫማ በነጻ ይሰፋል፣ ሚስቱን ያከብራል፣ ከማንም ጋር አይጣላም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቅናት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የቀና ነው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን ተነስቶ እሮጣለሁ ያለው። ለሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ማሞቂያ መግዣ ሊያሰባስብ፣ ከሆስፒታሉ በር እስከ ድልድዩ ደርሶ ሊመለስ። መጀመሪያ መንደሩ ሳቀ። ሥጋ ሻጩ፣ ሚስማር እኮ በመዶሻ ካልመቱት አይንቀሳቀስም እያለ አሾፈበት። ሚስማር አብሮ ሳቀና በማግስቱ ልምምድ ጀመረ። ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ እያለከለከ በሱቄ ፊት ሲያልፍ ሳቁ ቀስ በቀስ ጭብጨባ ሆነ። ጀግና አባት ተባለ። እሱ ባለከለከ ቁጥር የእኔ ደም ይፈላ ነበር።

ለምን እንደምቀና ልናገር፤ ደብቄው የትም አልደርስም። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የሚስማር ሚስትና እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለታችንም ቀናችን ሳይደርስ ወለድን። እሷ ሴት፣ እኔ ወንድ። በክፍሉ ያሉት ማሞቂያዎች ለሕፃናቱ ስለማይበቁ ነርሶቹ ሁለት ሁለቱን በአንድ ላይ ያስተኟቸዋል። የእሱ ልጅና የእኔ ልጅ በአንድ ማሞቂያ ጎን ለጎን ተኙ። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ጤነኛ ሕፃን ያህል አይሞሉም። ሚስቱ በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ከአልጋዋ አልተነሳችም፤ የእኔ ባል ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ በማሞቂያው አጠገብ የምንቆመው ሚስማርና እኔ ነበርን። እሱ ወንበሩን ለእኔ ይለቅልኛል፣ እኔ ከምግቤ አካፍለዋለሁ። ወንድምና እህት እንመስል ነበር።

በአምስተኛው ቀን ልጄ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው ገና አልጠናም አለኝ። ስም እንኳ አላወጣሁለትም ነበር፤ ከዚያ ክፍል ሲወጣ አወጣለታለሁ ብዬ። የሚስማር ልጅ ማሞቂያውን ለብቻዋ ያዘችና በአርባኛው ቀን ወፍራ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ ዐይኔ ሥር አደገች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ሳይ ልኩን ነው የማየው። ሚስቱ ቀሚስ ልታሰፋላት ስታመጣት ሜትሬን በትከሻዋ ላይ ዘርግቼ፣ የእኔ እዚህ ጋ ይደርስ ነበር፣ ወንድ ስለሆነ ሁለት ጣት ያህል ይሰፋ ነበር እላለሁ፣ በልቤ። ቀሚሱን ሳለብሳት «እትዬ» ብላ ትስመኛለች። እስማታለሁ። ከዚያ ሱቄን ዘግቼ አለቅሳለሁ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ የእኔስ ምን እንደቀረው እንጃ። በልጅቷ ላይ አንድም ቀን ክፉ ተመኝቼ አላውቅም። ግን ለምን እሷ ብቻ?

ሩጫው ሳምንት ሲቀረው የሚስማር ሚስት ፖስታ ይዛ ከሱቅ ወደ ሱቅ ለመዋጮ ዞረች። ጸጉር ቆራጩ ሰጠ፣ ሥጋ ሻጩ ሰጠ፣ ቆጥቋጣው ባለ መድኃኒት ቤት እንኳ ሰጠ። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ጠበቅኩ። የእኔን በር ዘላ ወደ ቀጣዩ ገባች። ቀና ብላም አላየችኝ። አዝነውልኝ ነው፤ ቁስሏን አንነካካ ብለው ነው። ነገር ግን ልጄ በዚህ ዓለም አምስት ቀን እንደኖረ የሚመሰክርልኝ ሰው ካለ እነሱ ናቸው። እነሱም እንዳልነበረ ካደረጉት ማን ቀረለት? እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወደ ሚስማር ሱቅ ገባሁ።

ሶል እየመታ ነበር፤ ከንፈሩ በሚስማር ተሞልቷል። የእኔን በር ለምን ዘለላችሁት፣ ልጄ እዚያ ማሞቂያ ላይ አልተኛም ወይ፣ ሰው አልነበረም ወይ እያልኩ አፌ እንዳመጣልኝ ጮህኩበት። እሱ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሲጨርስም ቀና አላለም።

«ሚስቴን አትቀየሚያት፤ ዝለያት ያልኳት እኔ ነኝ» አለኝ። «ዐይንሽን ማየት አልችልም። ቦታቸውን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ማሞቂያ ከላይ ሁለት አምፖል ነበረው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ተቃጥሏል። በዚያ በኩል የተኛ ይበርደዋል። ነርሶቹ ጠዋት ተራ ሲለዋወጡ ሕፃናቱን እያነሱ ይመዝናሉ፤ ሲመልሷቸው ማን በየት በኩል እንደነበረ አይመዘግቡም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ልጁን በመስኮቱ በኩል አገኛት። እግሯ በርዷል። ነርሷን ለመናት፤ ከሚዛኑ ሲመለሱ ልጁ በሞቀው በኩል ተኛች፣ የእኔ ወደ መስኮቱ ሄደ። በማግስቱ ሞተ።

«ሐኪሙ ሳንባው ነው ብሏል። እኔ ግን ሁልጊዜ እጄን ነው የማየው» አለ። «የምሮጠውም ለዚህ ነው። አትሩጥ ካልሽኝ እተዋለሁ።»

የደንበኛ መቀመጫው ላይ ቁጭ አልኩ። መዶሻው አጠገቤ ነበር። አላነሳሁትም፤ ለምን እንዳላነሳሁት ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ።

«ትሮጣለህ» አልኩት። «ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡህ ሁለት ነበሩ ትላለህ። ስለ አምፖሉ እንዳትተነፍስ። ሁለት ነበሩ በል፣ በቃ።»

እሑድ ጠዋት የሆስፒታሉ በር በሰው ተጨናነቀ። አብረውት የሮጡት ወጣቶች ገብተው ውሃ ጠጥተው አርፈው ሳለ ሚስማር ከሁሉም መጨረሻ፣ ላብ አጥምቆት፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ብቅ አለ። የጫማ ሰፊው ጫማ አፉን ከፍቷል። ሰው በሳቅም በጭብጨባም ተቀበለው። ፕሮግራም መሪው፣ ይኸው ጀግናው አባት ለሴት ልጁ ብሎ ሮጠ እያለ ሲያሟሙቅ ሚስማር ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰደ። መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሹ ብቻ ነበር።

«ሁለት ነበሩ» አለ። «በአንድ ማሞቂያ ላይ የእኔ ልጅና የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበሩ። ወንድ ልጅ ነበር። አምስት ቀን ኖሯል።»

 ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ሥጋ ሻጩ ኮፍያውን አወለቀ። ሱቄን ሳልዘጋ፣ ሰው ፊት ሳለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እናት ሆኜ ታየሁ።

ግርግሩ ሲበርድ ሚስማርን ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ልጁ አጠገቡ ቆማ በጫማው ክር ትጫወታለች። ቀና ብሎ ዐይኔን አየኝና «ቀለለኝ» አለ፣ ፊቱ በርቶ። ጉድ ነው የእኔ ነገር፤ ይኸም አስቀናኝ። ልጁ ተረፈችለት፣ ጀግና ተባለ፣ አሁን ደግሞ ቀለለው። እኔስ መቼ ነው የሚቀለኝ? አጠገቡ ተቀመጥኩና ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት።

«መጀመሪያ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «በሦስተኛው ቀን፣ አንተ ሚስትህ ዘንድ ሳለህ። በመስኮቱ በኩል የተኛው የእኔ ልጅ ነበር። ነርሷን ለምኜ ያንተን ልጅ ወደዚያ አስወሰድኳት።»

ሚስማር ልጁን በሁለት እጁ ስቦ ጭኑ ላይ አስቀመጣትና ደረቱ ላይ ለጠፋት። ፊቷንም ከእኔ አዞረው። አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር፤ ስቤ የማቅፈው ልጅ ቢኖረኝ።